ጓሉን መከስከስ፦ ስለ ሸክላ፣ ስለ ፖሊኢትሊንና ስለ አስማሚያቸው

የተከበራችሁ መምህራን፣ የፋብሪካ ባለቤቶችና የማሽን ባለሙያዎች፣ የኬሚካል ምህንድስና ተማሪዎች፣ እንደምን አረፈዳችሁ። በቅዳሜ ጠዋት ይህን ያህል ሰው ስለ ሸክላና ስለ ላስቲክ ለመስማት ይመጣል ብዬ አልጠበቅሁም ነበርና መገኘታችሁ በጣም አስደስቶኛል። ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት ሁለት ቁራጭ ፊልም በየረድፉ እንዲዘዋወር እሰጣለሁ። በአንደኛው ጥግ ላይ «ሀ»፣ በሌላኛው ጥግ ላይ «ለ» ተብሎ ተጽፏል። ሁለቱም 5 በመቶ ሸክላ የገባባቸው የፖሊኢትሊን ፊልሞች ናቸው። ወደ መብራቱ አንሥታችሁ ተመልከቷቸው፤ በጣታችሁም ዳስሷቸው፤ ከዚያም ሸክላው ይበልጥ የተበተነው በየትኛው ውስጥ እንደሆነ በልባችሁ ወስኑ። መልሱን በመጨረሻ እነግራችኋለሁ፤ እስከዚያው ግን ጎረቤታችሁን አትጠይቁ።

የምናገረው ስለ ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ሸክላና ፖሊኢትሊን ለምን እንደማይዋሃዱ ነው። ሁለተኛው ኮምፓቲቢላይዘር የሚባለው፣ እኔ ዛሬ «አስማሚ» የምለው ነገር ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ ነው። ሦስተኛው ደግሞ አስማሚው በእጃችን ከገባ በኋላ በማሽኑ ላይ የምንፈጽማቸው ስሕተቶች ናቸው። ጊዜዬን እኩል አልከፋፍለውም፤ በሁለተኛው ላይ እቆያለሁ። ምክንያቱም ከፋብሪካ ወደ እኔ የሚደወለው ስልክ ሁሉ ማለት ይቻላል «ስንት እንጨምር?» ብሎ ይጀምራል፤ ጥያቄው መጀመር የነበረበት ግን «የማን ዘመድ ነው?» ከሚለው ነው።

ከአፈሩ ልነሣ። ያደግሁት ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ አካባቢ፣ ዋልካ መሬት ላይ ነው። ዋልካን የምታውቁ እዚህ ብዙ እንዳላችሁ አልጠራጠርም። በክረምት እግር ይይዝና ጫማውን አስቀርቶ ሰውየውን ይለቀዋል፤ በበጋ ደግሞ ተሰነጣጥቆ የጥጃ እግር የሚያስገባ ክፍተት ያበጃል። አባቴ ሲያርሱ እኛ ልጆቹ ከኋላቸው እየተከተልን ጓል እንከሰክስ ነበር፤ የደረቀ የዋልካ ጓል ምን ያህል እጅ እንደሚልጥ የሚያውቀው የከሰከሰው ብቻ ነው። ይህ አፈር ውኃ ሲጠጣ የሚያብጠው፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቀው ለምንድን ነው? ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ማዕድን በውስጡ በብዛት ስላለ ነው። ከስሜክታይት ቤተሰብ በጣም የታወቀው ሞንትሞሪሎናይት ሲሆን ስሙን ያገኘው ፈረንሳይ አገር ካለችው ከሞንትሞሪዮን ከተማ ነው። በፖሊኢትሊን ውስጥ ለመበተን የምንደክምለት ሸክላ ይኸው ነው። ጓል ስከሰክስ አድጌ፣ ተምሬም ደመወዝ የሚከፈለኝ ጓል ለመከስከስ መሆኑን ሳስብ አንዳንዴ ብቻዬን እስቃለሁ።

ሞንትሞሪሎናይትን በመሶብ እንደተደራረበ እንጀራ አስቡት። የእያንዳንዱ ንጣፍ ውፍረት 1 ናኖሜትር፣ ማለትም የአንድ ሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ፣ ገደማ ነው፤ ስፋቱ ግን ከመቶ እስከ ብዙ መቶ ናኖሜትር ይደርሳል። በንጣፎቹ መካከል እንደ ሶዲየም ያሉ አዮኖች አሉ፤ ውኃ የሚገባው፣ ዋልካውም የሚያብጠው በዚያ ክፍተት በኩል ነው። ንጣፎቹ አንድ በአንድ ቢነጣጠሉ የአንድ ግራም ሸክላ ገጽ 750 ካሬ ሜትር ያህል ይሆናል። እንግዲህ አስሉት፤ 10 ግራም፣ ማለትም በአንድ እፍኝ የሚያዝ ዱቄት፣ ሙሉ የእግር ኳስ ሜዳ ያለብሳል። የናኖኮምፖዚት፣ ማለትም በናኖሜትር የሚለኩ ቅንጣቶች የተበተኑበት ፕላስቲክ፣ ተስፋ ሁሉ ያለው እዚህ ሜዳ ላይ ነው። ንጣፎቹ ካልተነጣጠሉ ግን ሜዳው የለም። «ናኖ ሸክላ» ተብሎ በጆንያ የሚሸጥላችሁ ዱቄት ገና ናኖ አይደለም፤ 8 ማይክሮን የምታህል አንዲት ቅንጣት በውስጧ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ንጣፍ አቅፋ ነው የምትመጣው። ናኖው ከጆንያው አይወጣም። በማሽናችሁ ውስጥ ትሠሩታላችሁ፣ ወይም ሳትሠሩት ትቀራላችሁ።

ወደ ሌላኛው ወገን እንሂድ። ፖሊኢትሊን ከካርቦንና ከሃይድሮጅን በቀር ምንም የሌለበት ረጅም ሰንሰለት ነው። የጣሪያችን ሮቶ፣ የውኃ መቅጃችን ጄሪካን፣ የገበያ ፌስታላችን ሁሉ እሱ ነው። ውኃ ቢንጠባጠብበት ተሰብስቦ ይንከባለላል እንጂ አይሰርግበትም። ሸክላው ውኃ ወዳድ፣ በገጹ ላይ የኤሌክትሪክ ሙል ያለው፤ ፖሊኢትሊኑ ውኃ የማይወድ፣ ሙል የሚባል ነገር የሌለው። እንጀራ ሳይበርድ ቢደራረብ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ እርስ በርሱ ይጣበቅና ሲያነሡት ይቀደዳል። የሸክላው ንጣፎች በመካከላቸው ባሉት አዮኖች አማካይነት ከዚያ በበለጠ ተጣብቀዋል። ፖሊኢትሊን በዚያ ክፍተት ለመግባት ምን ምክንያት አለው? ምንም። ስለዚህ ጥሬውን ሸክላ ከፖሊኢትሊን ጋር ቀልጦ ቢያማስሉት የሚገኘው ጠጠር ያለበት ላስቲክ ነው፤ ጠጠሩ ደቃቅ ስለሆነ በዓይን አይታይም እንጂ ጠጠርነቱን አልተወም።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ። ይህ ዘርፍ ዓለምን ያስደመመው በፖሊኢትሊን ሳይሆን በናይሎን ነው። የቶዮታ ማዕከላዊ ምርምር ላቦራቶሪ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ናይሎን 6ን በሸክላው ንጣፎች መካከል እንዲያድግ አደረጉ። 5 በመቶ እንኳ በማይሞላ ሸክላ የመሳብ ጥንካሬው ከ69 ወደ 107 ሜጋፓስካል፣ ግትርነቱ ከ1.1 ወደ 2.1 ጊጋፓስካል ወጣ። ጭነት ተሸክሞ የሚጎብጥበት ሙቀት ደግሞ ከ65 ወደ 145 ዲግሪ ሴልሺየስ ዘለለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከዚሁ ቁስ የተሠራ የሞተር ቀበቶ መሸፈኛ በመኪና ላይ ዋለ። ይህን ያነበበ ሁሉ «በፖሊኢትሊንስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ እኔም ተማሪ ሳለሁ ጠይቄያለሁ። መልሱ ግን እንደ ናይሎኑ የሚያስፈነድቅ አልሆነም። ናይሎን በሰንሰለቱ ላይ ሸክላውን የሚወድ የአማይድ ቡድን አለው፤ ከሸክላው ጋር ገና ሲወለድ ዘመድ ነው። ፖሊኢትሊን ባዕድ ነው። ስለዚህ በናይሎን የተገኘውን ቁጥር ወስዶ በፖሊኢትሊን ማስታወቂያ ላይ የሚለጥፍ ሻጭ ካጋጠማችሁ ኪሳችሁን ያዙ።

ባዕዱን ለማስጠጋት የመጀመሪያው እርምጃ የሚወሰደው በሸክላው ላይ ነው። ሶዲየሙ ወጥቶ በምትኩ ረጅም የስብ ጭራ ያለው አሞኒየም ይገባል። ጭራው ከየት የመጣ ይመስላችኋል? ከከብት ሞራ። ሞራው በሃይድሮጅን ይታከምና አብዛኛው 18 ካርቦን፣ የቀረው 16 እና 14 ካርቦን የሆነ ጭራ ይገኛል። በዚህ መንገድ የታከመው ሸክላ በንጣፎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ1.2 ናኖሜትር ገደማ ወደ 2.4 ናኖሜትር ይሰፋል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ የዚህ ሸክላ ክብደት ሲሶው፣ እንዲያውም ከሲሶ በላይ የሚሆነው፣ ሞራ ነው። ሚዛን ላይ 5 ኪሎ ስታስቀምጡ እውነተኛው ማዕድን 3 ኪሎ ገደማ ነው። ይህን ሳያውቁ ስሌት የሚሠሩ ሰዎች «ሸክላው አልሠራም» ብለው ሲያማርሩ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ።

ሞራው ብቻውን ይበቃል ወይ? ለፖሊኢትሊን አይበቃም። ንጣፎቹን ያላላል፣ መግቢያውን ይከፍታል፤ ወደ ውስጥ የሚስብ ኃይል ግን የለውም። እዚህ ላይ ነው ሁለተኛው ነጥቤ፣ አስማሚው፣ የሚመጣው።

በአገራችን ሁለት የተጣሉ ቤተሰቦችን የሚያስታርቅ ሽማግሌ እንዴት ይመረጣል? በአንዱ ወገን ብቻ የሚታወቅ ሰው ቢላክ ሌላው ወገን በሩን አይከፍትለትም። በእናቱ ከዚህ፣ በአባቱ ከዚያ የሚወለድ ሰው ይፈለጋል። አስማሚውም እንደዚሁ ነው። በሰፊው የምንጠቀመው ማሌይክ አንሃይድራይድ የተቀጠለበት ፖሊኢትሊን ነው፤ ፖሊኢትሊን ከፐርኦክሳይድ ጋር በኤክስትሩደር፣ ማለትም ፕላስቲክን በሚዞር ብሎን እያቀለጠ በሚገፋ ማሽን፣ ውስጥ ሲቀልጥ አንሃይድራይዱ በሰንሰለቱ ላይ እንደ ተቀጥላ ይያያዛል። ሰንሰለቱ ከፖሊኢትሊኑ ይወለዳል፤ ተቀጥላው፣ በተለይም እርጥበት አግኝቶ ወደ አሲድነት ሲለወጥ፣ የሸክላውን ገጽ ኦክስጅን በሃይድሮጅን ትስስር ይይዛል። አንደኛው እጅ እዚህ፣ ሌላኛው እዚያ።

የተቀጥላው መጠን ምን ያህል ነው? ብዙውን ጊዜ ከክብደቱ 1 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ቁጥር ትንሽ ይመስላል፤ ትንሽም ነው። 1 በመቶ ማለት በአማካይ በየ350 የኢትሊን አሃድ አንድ ተቀጥላ ማለት ነው። «ታዲያ ለምን 5 ወይም 10 በመቶ አናደርገውም?» የሚል ተማሪ በየዓመቱ አይጠፋም። የቶዮታ ቡድን ይህንኑ ጥያቄ በፖሊፕሮፒሊን ላይ አንሥቶ እ.ኤ.አ. በ1997 እና በቀጣዩ ዓመት ያሳተማቸው ሥራዎች መልሱን ይዘዋል። ተቀጥላው እጅግ ሲያንስ አስማሚው በንጣፎቹ መካከል መግባት ያቅተዋል፤ እጅግ ሲበዛ ደግሞ ወደ ሸክላው ይገባል፣ ከዋናው ፕላስቲክ ጋር ግን አልዋሃድ ይላል። ለሸክላው እጅግ የተጠጋ ሽማግሌ በፖሊኢትሊኑ ቤት ባዕድ ይሆናል። በዚያ ላይ ፖሊኢትሊን ተቀጥላ ሲቀጠልበት ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ እየተቆላለፉ ይወፍራሉ፤ ተቀጥላ ለመጨመር ፐርኦክሳይድ ስናበዛ የማይቀልጥ እንክብል በፊልሙ ላይ ይዘራብናል።

የዝምድናው ጉዳይ በመጽሐፍ ብቻ ያነበብሁት አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ፋብሪካ ለሙከራ ያስመጣውን አስማሚ ይዤ ሄድሁ። አስመጪው «ማሌይክ አንሃይድራይድ ያለበት ነው፣ ሁሉም አንድ ነው» ብሎ ሸጦላቸዋል። ሁለት ቀን ሠራን። ፍሬው ሲወጣ ያማረ ነው፤ ፊልም ሲሆን ግን ጥፍሬን በጫፉ ሳስገባበት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በስስ ሽፋን በሽፋን ይላጣል። ከብዙ ድካም በኋላ ከረጢቱ ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ ያነበበልን የመጋዘኑ ልጅ ነው፦ አስማሚው የተቀጠለው በፖሊፕሮፒሊን ላይ ነበር! ፖሊፕሮፒሊንና ፖሊኢትሊን ስማቸው ቢመሳሰልም ቀልጠው አይዋሃዱም። ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፤ ቀጥ ላለው ዝቅተኛ ጥግግት ፖሊኢትሊን ከእርሱው የተሠራ አስማሚ፣ ለከፍተኛ ጥግግቱም ከከፍተኛ ጥግግቱ የተሠራ አስማሚ ምረጡ። ከረጢቱን አንብቡ። ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ።

ኢትሊን ቪኒል አሲቴት፣ ኢትሊንና አክሪሊክ አሲድ በአንድ ሰንሰለት የተጣመሩበት ፕላስቲክ፣ በሰንሰለታቸው ላይ አዮን ያላቸው አዮኖመሮችም በዚሁ ሥራ ላይ ይውላሉ። ከእነዚህ አዮኖመሮች ሸክላን በመበተን ረገድ ጥሩ ስም አላቸው፤ ዋጋቸው ግን ለፌስታል አምራች የሚነገር አይደለምና አልፋቸዋለሁ።

አሁን «ስንት?» ወደሚለው ጥያቄ ደረስን። ለአንድ እጅ ሸክላ ከአንድ እስከ ሦስት እጅ አስማሚ የተለመደ ነው፤ ለ5 ኪሎ ሸክላ ከ5 እስከ 15 ኪሎ ማለት ነው። እኔ በተማሪነቴ በዚህ አልረካሁም። አንድ እጅ ሳደርግ ግትርነቱ ተሻሻለ፤ ሁለት ሳደርግ ይበልጥ ተሻሻለ፤ ሦስት ሳደርግ ጥቂት ጨመረ፤ በዚያ ደስታ አምስት እጅ አደረግሁና ሳምንቱን ሙሉ የሠራሁት ናሙና ካለ ሸክላ ከተሠራው ብዙም የማይሻል ሆኖ አገኘሁት። ምን ሆነ? አስማሚው ራሱ ከዋናው ፖሊኢትሊን የለሰለሰ ነበር። ሸክላው ያጠነከረውን አስማሚው መልሶ አለሰለሰው። ወጥ ጨው ስላነሰው ጨው ተጨምሮ ጣፈጠ፤ ስለዚህ ሌላ ጨው ይጨመር ማለት ነበር የኔ ነገር።

የመበተን ጥቅም ምን ያህል እንደሆነ በአንድ ስሌት ላሳያችሁ፤ ምሳሌዬም የእህል ከረጢት ነው። ነቀዝን አየር በማሳጣት የሚገድለውን፣ በአገራችንም ገበሬዎች የሚጠቀሙበትን ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት አይታችኋል፤ ከውጭ እኛ «ማዳበሪያ» የምንለው የተሸመነ ፖሊፕሮፒሊን፣ ከውስጥ እያንዳንዳቸው 80 ማይክሮን ያህል ውፍረት ያላቸው ሁለት የፖሊኢትሊን ከረጢቶች አሉት። ሁለት የሆኑትና የወፈሩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፖሊኢትሊን ውኃን ጥሩ አድርጎ ይከለክላል፣ ኦክስጅንን ግን ያሳልፋል። አሁን 5 በመቶ የታከመ ሸክላ ጨመርን እንበል፤ ማዕድኑ 3 በመቶ፣ በይዘት ሲሰላ 1 በመቶ ገደማ ነው። ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1967 ባቀረበው የጠማማ መንገድ ስሌት መሠረት፣ ንጣፎቹ ተነጣጥለው ስፋታቸው ከውፍረታቸው 100 እጥፍ ቢሆንና ከፊልሙ ጋር ትይዩ ቢተኙ የሚያልፈው ጋዝ በ34 በመቶ ይቀንሳል። ያው ሸክላ አሥር አሥር ሆኖ እንደተጣበቀ ቢቀር ስፋቱ ከውፍረቱ 10 እጥፍ ብቻ ይሆንና ቅነሳው 6 በመቶ ነው። በሁለቱም ጊዜ ለሸክላው የከፈላችሁት ዋጋ አንድ ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው መበተኑ ብቻ ነው።

ከአስማሚው ሳልወጣ አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙዎች የሚስቱት ስለሆነ ነው። ሸክላውን በሞራ ጭራ ስናክም አንድ ጭራ ያለው አሞኒየም ይሻላል ወይስ ሁለት? ለናይሎን አንድ ጭራ ይሻላል። ምክንያቱም ናይሎኑ የሚፈልገው የሸክላውን ራቁት ገጽ ነውና ብዙ ጭራ መንገድ ይዘጋበታል። ሆታና ፖል ግን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ሥራ ቀጥ ላለው ዝቅተኛ ጥግግት ፖሊኢትሊን ሁለት ጭራ ያለው ሸክላ እንደሚሻል አሳዩ። ምክንያቱን አስቡት፤ ፖሊኢትሊን ሸክላውን ሳይሆን ሞራውን ነው የሚወደው፤ ስለዚህ ገጹ በሞራ በተሸፈነ ቁጥር ቀረቤታው ይጨምራል። አስማሚው የበለጠ የሚሠራው ሸክላው ራሱ በትክክል ሲመረጥ ነው። ለናይሎን የተዘጋጀ ሸክላ ገዝታችሁ ጉድለቱን በአስማሚ ብዛት ለመሙላት የምትሞክሩ ካላችሁ፣ በውድ ዕቃ ርካሽ ስሕተት እያረማችሁ ነው።

ወደ ሦስተኛው ነጥብ ልለፍ፤ ማሽኑ ዘንድ ደርሰናል። እናቴ ሽሮ ሲሠሩ ዱቄቱን በፈላው ውኃ ላይ በአንድ ጊዜ ገልብጠው አያውቁም። በጥቂት ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው፣ በማንኪያ አሽተው፣ ጓሉን ካጠፉ በኋላ ነው ወደ ድስቱ የሚያወርዱት። እኔ በመጀመሪያ የወንደላጤነት ዓመቴ ዱቄቱን ገለበጥሁት፤ ላዩ የበሰለ፣ ውስጡ ደረቅ ዱቄት የሆነ እንክብል ስበላ ሰነበትሁ። በኤክስትሩደርም የሚደርሰው ይኸው ነው። ሸክላውን፣ አስማሚውንና ፖሊኢትሊኑን ሦስቱንም በአንድ መግቢያ ብታፈሱ፣ በቁጥር እጅግ የበዛው ፖሊኢትሊን ሸክላውን ከአስማሚው ቀድሞ ይከበዋል፤ አስማሚውም በብዛቱ መካከል ተበትኖ ሸክላውን ሳያገኝ ይወጣል። ስለዚህ አስቀድማችሁ ሸክላውንና አስማሚውን ለብቻቸው አቅልጣችሁ ማስተርባች፣ ማለትም ኋላ የሚቀጥን ወፍራም ድብልቅ፣ ሥሩ፤ ከዚያ በሁለተኛው ዙር በፖሊኢትሊን አቅጥኑት። የቀለም ማስተርባች የምትጠቀሙ ሁሉ ይህን ሥራ በእጃችሁ ታውቁታላችሁ።

የማሽኑ ጉልበትስ? ጓል የሚከሰከሰው በኃይል ነው ብለን ብሎኑን እስከ መጨረሻው ፍጥነት ማዞር የተለመደ ነው። ዴኒስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 የተለያዩ ኤክስትሩደሮችንና የብሎን አደራደሮችን በናይሎን ላይ ሲያነጻጽሩ የተሻለውን ውጤት የሰጠው ከሁሉ ኃይለኛው አልነበረም፤ ለቅልጡ በማሽኑ ውስጥ በቂ የቆይታ ጊዜ የሰጠውና ደልደል ያለ ጉልበት የነበረው ነው። ጓሉን የሚሰብረው ጉልበት ነው፤ ንጣፎቹን አንድ በአንድ የሚልጠው ግን ጊዜ ያገኘ ሰንሰለት ነው።

ሙቀቱን በተመለከተ አጥብቄ መናገር እፈልጋለሁ። ሸክላውን ያከምንበት የአሞኒየም ጨው ከ180 እስከ 200 ዲግሪ ባለው ክልል መፈራረስ ይጀምራል፤ አንዳንዱም ከዚያ በታች። ጭራው ከሸክላው ይለያያል፣ ንጣፎቹም መልሰው ይጋጠማሉ። የሆነ ቦታ፣ ስሙን አልጠራም፣ ፊልም በሚነፋ ማሽን ላይ ሙከራ ስናደርግ የማሽኑ ባለሙያ ቅልጡ ስለወፈረበት ሙቀቱን ሳይነግረን 230 ዲግሪ አደረሰው። በመጀመሪያ ያወቅነው በአፍንጫችን ነው፤ የተቃጠለ ሞራና የዓሣ ሽታ የተቀላቀለበት ነገር አዳራሹን ሞላው። ከዚያ ፊኛው ቢጫ ሆነ፤ ከዚያ ቡናማ ነጥብ ጀመረው፤ በመጨረሻ በነጥቦቹ በኩል እየተበሳ ተደፋ። ባለሙያውን አልቆጣሁትም፤ ጥፋቱ የኔ ነበር። ቅልጡ እንደሚወፍርና ሙቀት መጨመር እንደማይገባው አስቀድሜ ልነግረው ይገባ ነበር። ሌላው ጥንቃቄ እርጥበት ነው፤ ሸክላውንም አስማሚውንም በ80 ዲግሪ ሳታደርቁ አትጀምሩ።

መበተኑንስ በምን እናውቃለን? የመጀመሪያው መሣሪያ ኤክስሬይ ነው። የታከመው ሸክላ ንጣፎች 2.4 ናኖሜትር ተራርቀው ሲደረደሩ በተለመደው የመዳብ ጨረር 3.6 ዲግሪ ማዕዘን አካባቢ በግራፉ ላይ ጉብታ ያሳያሉ። ፖሊመር በመካከላቸው ሲገባ ጉብታው ወደ ግራ፣ ወደ ትንሹ ማዕዘን ይሸሻል፤ ንጣፎቹ ሲነጣጠሉ ይጠፋል። ጉብታው ወደ ቀኝ ከሄደ፣ ለምሳሌ 6 ዲግሪ ከደረሰ፣ ሞራው ተቃጥሎ ንጣፎቹ ተጋጥመዋል ማለት ነው። ለሁለተኛ ዲግሪዬ ውጭ አገር ስማር አንድ ማለዳ ጉብታው ጨርሶ የጠፋበት ወረቀት ከማተሚያው ወጣልኝ። ወረቀቱን ይዤ በኮሪደሩ ሮጥሁ ብል አላጋነንሁም። አማካሪዬ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና «የጠፋው ሸክላው ስለተበተነ ነው ወይስ አንተ ስላላየኸው?» አሉኝ። አኮረፍሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የተነሣው ፎቶ ሲመጣ፣ በሰፊው ግራጫ ሜዳ ላይ እዚህም እዚያም ከሃያና ከሠላሳ ንጣፍ የተሠሩ ጥቁር ክምሮች ተጋድመዋል። ሸክላው ጥቂት ስለነበረና ክምሮቹ ስለተዛቡ ብቻ ነው ኤክስሬዩ ያላያቸው። ያን ፎቶ እስከ ዛሬ ጠረጴዛዬ ላይ አኑሬዋለሁ።

ማይክሮስኮፕ በየፋብሪካው የለም፤ በየዩኒቨርሲቲውም የለም። የቅልጥን አፈሳሰስ የሚለካው ሪዮሜትር ካላችሁ ግን ብዙ ይነግራችኋል። ቅልጡን በጣም በዝግታ ስታወዛውዙት እንደ ፈሳሽ መላላቱን ትቶ እንደ ጠጣር መጽናት ከጀመረ፣ ንጣፎቹ እርስ በርስ የሚደጋገፍ መረብ ሠርተዋል ማለት ነው። እኔ አንድ ብቻ ምረጥ ብባል ከኤክስሬዩ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ ኤክስሬዩ የሚያየው ከናሙናው ጥቂቱን ነው፣ ሪዮሜትሩ ግን የሚያውቀው ሙሉውን ነው። በፖሊኢትሊን ውስጥ ሸክላው ሙሉ በሙሉ ተነጣጠለ የሚል ሪፖርት ሲደርሰኝም እጠራጠራለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምናገኘው ከሁለት እስከ ጥቂት ንጣፍ የያዘ ክምርና ነጠላ ንጣፍ የተቀላቀለበት ነው። እሱም ቢሆን ከላይ ባሰላነው ስሌት ብዙ ዋጋ አለው።

ከአዳራሹ በጽሑፍ የደረሰኝ ጥያቄ አለ፦ «የራሳችን ዋልካ አይሆንም ወይ?» ይላል። እንዳለ አይሆንም። ዋልካ ከስሜክታይቱ ጋር ኳርትዝ፣ የብረት ኦክሳይድና ሌላም ብዙ ነገር የተቀላቀለበት አፈር ነው፤ የብረቱ ኦክሳይድ ፊልሙን ያቀላዋል፣ ኳርትዙም ብሎኑን ይበላዋል። የተሻለው ተስፋ አብዛኛው ስሜክታይት የሆነው ቤንቶናይቱ ነው፤ አፋር ውስጥ ገዋኔ አካባቢ ያለው ለምሳሌ። አጥቦ ማጣራቱና በሞራ ማከሙ በአገር ውስጥ ሊሠራ የሚችል ሥራ ነው፤ ሞራ እንዳልጠፋ ሉካንዳ የሄደ ሁሉ ያውቃል። የምንሠራበትን ፖሊኢትሊን ሁሉ ከውጭ ለምናስመጣ ለእኛ፣ ከከረጢቱ ውፍረት ላይ 10 ማይክሮን መቀነስ መቻል ራሱ የውጭ ምንዛሪ ነው። ይህን ለተመራቂ ተማሪዎች እንደ ቤት ሥራ እተወዋለሁ።

ፊልሞቹ ኋላ ወንበር ድረስ ደርሰዋል? መልካም። «ሀ» ያላችሁ እጃችሁን አንሡ። ብዙ ናችሁ፤ ጥርት ብሎ ስለሚያሳይ ነው አይደል? «ለ» ያላችሁስ? አራት፣ አምስት ሰው። ሁለቱም ፊልሞች ከአንድ ከረጢት ከወጣ ፍሬ፣ በአንድ ቀን፣ በአንድ መጭመቂያ የተሠሩ ናቸው። «ሀ»ን ገና እንደተጨመቀ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነከርሁት፤ «ለ»ን ግን መጭመቂያው ውስጥ ሌሊቱን ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ ተውሁት። ቀስ ብሎ ሲቀዘቅዝ የፖሊኢትሊኑ ክሪስታሎች ይተልቃሉና ፊልሙ ደመና ለበሰ። ያያችሁት የፖሊኢትሊኑን ክሪስታል ነው፤ የሸክላው መበተን ቅልጡ ከማሽኑ ሳይወጣ አልቆ ነበር፣ በሁለቱም ውስጥ አንድ ነው። ፊልሞቹን እባካችሁ ወደ ፊት መልሱልኝ፤ ሰኞ ለክፍል ተማሪዎቼ እፈልጋቸዋለሁ። አመሰግናለሁ፤ አሁን ጥያቄ ያላችሁ ጠይቁ።